አንድ አባት፣ ብዙ መዝገብ፦ የልጆች ነፈቃ አከፋፈል በፊቅህ ታሪክ

አንድ አባት ከሁለት ወይም ከሦስት እናቶች የተወለዱ ልጆች ሲኖሩትና ትዳሮቹ ሲፈርሱ፣ እያንዳንዷ እናት ለልጇ ቀለብ የየራሷን መዝገብ ታስከፍታለች። ቃዲው በፊቱ የቀረበውን አንድ መዝገብ ብቻ መርምሮ ቢወስን፣ ውሳኔው ለብቻው ሲታይ እንከን አይወጣለትም። ውሳኔዎቹ በአንድ ደመወዝ ላይ ሲደራረቡ ግን ቀድሞ የመጣው ይጠግባል፤ ዘግይቶ የመጣው የተረፈውን ይለቅማል። በዚህ ጽሑፍ የቀደሙት ፉቀሃእ ይህን ችግር እንዴት እንዳዩት፣ የኋለኞቹ ሕግ አውጪዎችም እንዴት ወደ ቁጥር እንደለወጡት እንመረምራለን።

መነሻው የታወቀ ነው። ሱረቱ-ጦላቅ በ7ኛው አንቀጽ የሰጪውን አቅም መለኪያ ታደርጋለች፤ ሱረቱል-በቀራህ በ233ኛው አንቀጽ የእናትየውን ሲሳይና ልብስ በመልካም ልማድ መጠን በአባት ላይ ትጥላለች። የሂንድ ቢንት ዑትባ ሐዲስ ደግሞ ሌላኛውን ሚዛን ያቀርባል፦ ባሏ አቡ ሱፍያን በቂ ስላልሰጣት ስትጠይቅ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ለእርሷና ለልጆቿ የሚበቃውን በልማዱ መጠን እንድትወስድ ፈቀዱላት። እንግዲህ ሚዛኖቹ ሁለት ናቸው፤ አንዱ የአባት አቅም፣ ሌላው የልጅ ብቃት (ኪፋያ)። በኑሱሶቹ ውስጥ ግን ለልጅ የተቆረጠ መጠን የለም። የነፈቃ ፊቅህ ታሪክ በአብዛኛው እነዚህን ሁለት ሚዛኖች የማስታረቅ ታሪክ ነው።

በዚህ ርእስ ላይ ራሱን የቻለ መጽሐፍ ካዘጋጁት ቀደምት ሊቃውንት አንዱ በ261 ዓመተ ሂጅራ ያረፉት የሐነፊይ መዝሀብ ሊቅ አቡ በክር አል-ኸሷፍ ናቸው። «ኸሷፍ» ጫማ ሰፊ ማለት ነው፤ በእጃቸው ሥራ ይተዳደሩ እንደነበር ይነገራል። ስለ ዕለት ጉርስ ክፍፍል የጻፈው ሰው የዕለት ጉርስን ላብ የሚያውቅ መሆኑ ያለ ምክንያት አይመስለንም። መጽሐፋቸውን ከሦስት መቶ ዓመት ገደማ በኋላ አስ-ሰድር አሽ-ሸሂድ (በ536 ዓ.ሂ. ያረፉት) ሸርሕ አድርገውታል። ከአል-ኸሷፍ የተያዘው ታላቅ ሐሳብ የሚስት ነፈቃ ሲተመን የባልም የሚስትም ሁኔታ አንድ ላይ ይታይ የሚለው ነው፤ አንዳቸው ባለጸጋ ሌላቸው ድኻ ከሆኑ መካከለኛው ይወሰናል። በዚሁ መዝሀብ ኪታቦች የተወሰነ ነፈቃ የማይነካ ሆኖ አይቀርም፤ የገበያ ዋጋ ሲለወጥ፣ ድኻው ሲያገኝ ወይም ያገኘው ሲደኸይ ቃዲው መጠኑን ይለውጣል። ለብዙ መዝገቦች ጉዳይ ቁልፉ ያለው እዚህ ላይ ነው ብለን እናምናለን። አዲስ ልጅ አዲስ መዝገብ ይዞ ሲመጣ የአባትየው አቅም ተለውጧልና፣ የፊተኛው ውሳኔም ለመከለስ ይከፈታል።

በአገራችን በብዛት በሚቀራው በሻፊዒይ መዝሀብ አሠራሩ ይበልጥ የተሰደረ ነው። ኢማም ነወዊ (በ676 ዓ.ሂ. ያረፉት) በሚንሃጅ እንዳስቀመጡት የሚስት ነፈቃ ቁርጥ ልኬት አለው፦ በባለጸጋ ላይ በቀን ሁለት ሙድ፣ በመካከለኛ አንድ ሙድ ተኩል፣ በድኻ አንድ ሙድ እህል። ሙዱንም በዲርሀም ይመዝኑታል፤ ራፊዒይ 173 ከሢሶ ሲሉ ነወዊ 171 ከሦስት ሰባተኛ ያጸድቃሉ። የልጅ ነፈቃ ግን ልኬት የለውም፤ እንደ ዕድሜውና እንደ ፍላጎቱ የሚበቃው ነው። ልዩነቱ ከምክንያቱ ይመነጫል። የሚስት ነፈቃ በጋብቻ ውል የሚገባ ምትክ ስለሆነ ሳይከፈል ቢያልፍ ዕዳ ሆኖ ይቀራል። የልጅ ነፈቃ ግን የዝምድና መደጋገፍ (ሙዋሳት) ስለሆነ ጊዜው ሲያልፍ ይወድቃል። ዕዳ የሚሆነው ቃዲ ከወሰነው፣ ወይም አባት ርቆ ወይም እምቢ ብሎ ሳለ ቃዲ በስሙ መበደርን ከፈቀደ ብቻ ነው።

ያለው ለሁሉ ካልበቃ አባት ከራሱ ይጀምራል፤ ቀጥሎ ሚስቱ፣ ከእርሷ በኋላ ትናንሽ ልጆቹ ይመጣሉ። ሚስት ከልጅ መቅደሟ ለብዙ አንባቢ ከባድ ይመስላል፤ በተለይ የፊተኛይቱ ልጆች ተርበው አዲሲቱ ሚስት ስትቀድም። ነገር ግን ቁርጡ ልኬት ጣሪያም እንደሆነ ልብ ማለት ይገባል። የድኻ ሚስት በመብት የምትጠይቀው እህል አንድ ሙድ ነው። በዚህ ስሌት ቅድሚያዋ የልጆቹን ድርሻ ሁሉ አይውጥም፤ የሚተርፈው አስቀድሞ ይታወቃል። ልጆቹ እርስ በርስ በአንድ ደረጃ ናቸው፤ ያለው እኩል ይከፈልላቸዋል፤ የሚጠባ ወይም የታመመ ካለ ይቀድማል። የማን እናት ቀድማ ከሰሰች የሚለው ግን በቅደም ተከተሉ ውስጥ ቦታ የለውም።

በዑስማንያ ዘመን በቁድስ፣ በናብሉስና በደማስቆ የነበሩት የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች መዝገቦች ይህ ሕግ በተግባር እንዴት ይሠራ እንደነበር ያሳያሉ። ቃዲው ለልጁ በቀን የሚበቃውን ገንዘብ ይተምናል፤ እናቲቱ ያንን ያህል እንድትበደርና ከአባትየው እንድትጠይቅ ይፈቅዳል፤ ይህም ይጻፋል። የመበደር ፈቃዱ ተራ ሥርዓት አልነበረም፤ አባትየው በንግድ ወይም በጦር ርቆ ሳለ የልጁ መብት እንዳይወድቅ የሚያስር ገመድ ነበር።

ደመወዝ በወር የሚከፈልበት ዘመን ሲመጣ ጥያቄው ከሙድ ወደ መቶኛ ተለወጠ። የግብፅ ሕግ ቁጥር 1/2000 (እ.ኤ.አ.) ለዚህ የጠራ ምሳሌ ነው። ለአንዲት ሚስት ወይም ፍቺ ለተፈጸመባት ሴት ከደመወዙ እስከ 25 በመቶ፣ ከአንዲት በላይ ከሆኑ እስከ 40 በመቶ፣ ለሁለት ልጆች ወይም ከዚያ በታች እስከ 35 በመቶ ሊያዝ ይችላል። በማናቸውም ሁኔታ ግን ከግማሽ አያልፍም፤ ያም ለባለመብቶቹ ለእያንዳንዳቸው በተፈረደላቸው መጠን ተመጣጥኖ ይከፈላል። በዚህ መንገድ የቀደመና የዘገየ መዝገብ ልዩነት ይቀራል። ሆኖም ጉድለት አለበት፤ የፊተኛው ፍርድ የተሰጠው አንድ ልጅ ብቻ በታየበት ጊዜ ከሆነ፣ ትልቅነቱ ወደ ክፍፍሉም ይወርሳል።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በአዋጅ ቁጥር 62/1936 መንግሥታዊ መልክ የያዙት የቃዲና የናኢባ ምክር ቤቶች፣ በኋላም በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተጠናከሩት የፌዴራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች የጋብቻ፣ የፍቺ፣ የቀለብና የአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ሞግዚትነት ጉዳዮችን የሚያዩት ተከራካሪዎቹ ሲስማሙ ነው። ስለዚህ የአንድ አባት አንዱ መዝገብ በሸሪዓ ፍርድ ቤት፣ ሌላው በመደበኛ ፍርድ ቤት ሊገኝ ይችላል፤ አንዱ ችሎት የሌላውን ሳያውቅ ይወስናል። በሌላ በኩል የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ከሠራተኛ ደመወዝ በአንድ ጊዜ የሚቆረጠው ጠቅላላ ገንዘብ ከወር ደመወዙ ሢሶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል።

ለምሳሌ 9,000 ብር ደመወዝ ያለው፣ አሁን በዒስማው ሚስት የሌለች ሰው እንውሰድ። ሊቆረጥ የሚችለው 3,000 ብር ነው። አስቀድማ የከሰሰችው ለአንድ ልጅ 2,400 ብር ተፈርዶላታል፤ ሌላይቱ በኋላ ለሁለት ልጆች እንዲሁ 2,400 ብር አስፈርዳለች። በቀዳሚነት ከሄድን የመጀመሪያው ልጅ 2,400 ሲያገኝ ሁለቱ በነፍስ ወከፍ 300 ብር ይደርሳቸዋል። በግብፁ ተመጣጣኝ መንገድ ለየመዝገቡ 1,500 ይሆናል፤ ይህም ለአንዱ 1,500፣ ለሁለቱ 750 ብር በነፍስ ወከፍ ነው። በሻፊዒይ ኪታቦች መንገድ፣ ፍላጎታቸው ተቀራራቢ ከሆነ፣ ለእያንዳንዱ ልጅ 1,000 ብር ይደርሳል፤ አንዱ የሚጠባ ወይም የታመመ ከሆነ እርሱ ይቀድማል። ሦስተኛውን እንመርጣለን፤ ባለመብቱ ልጁ እንጂ መዝገቡ አይደለምና። ይህን ለማድረግ ግን ቃዲው አባትየውን በመጀመሪያው ቀን ስንት ልጅ፣ ከማን፣ የትስ መዝገብ እንዳለው መጠየቅ ይኖርበታል።

ከችሎት ውጭ በሽምግልና የሚያስታርቁ ኢማሞችም ከዚህ ጉዳይ ርቀው አይቆሙም። በመስጊድ የተደረገ የቃል ስምምነት የቃዲ ውሳኔ አይደለም። አባትየው ለሁለት ወር ከፍሎ ቢያቋርጥና እናቲቱ በሰባተኛው ወር ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ብትሄድ፣ በሚንሃጅ በሰፈረው መሠረት ያለፉት አራት ወራት የልጅ ነፈቃ ወድቋል፤ ቀድማ የከሰሰችው ጎረቤቷ ግን ያለፈው ሁሉ ዕዳ ሆኖ ተመዝግቦላታል።