ካሮሰሪ፣ በአማርኛ «ኪነ ሰረገላ»

ከደሴ ተነሥቶ በሐይቅ ከተማ በኩል ወደ ውጫሌ በሚወስደው ጎዳና መንገደኛ ጭኖ ሲመላለስ የምናየው፣ ሕዝቡም «ቅጥቅጥ» ብሎ የሰየመው መኪና፣ ሞተሩና ሻንሲው የአይሱዙ ጭነት መኪና ሲሆን፣ መንገደኛው የሚቀመጥበት ቤቱ ግን በአገራችን ባለ እጆች ላሜራ ተቀጥቅጦ የተሠራ ነው። ይህን ሁለተኛውን ሥራ፣ ማለት በመንኰራኩር ላይ ለቆመው ሻንሲ አካል የማበጀቱን ጥበብ፣ ፈረንሳዮች ካሮሰሪ ይሉታል፤ ስሙም መኳንንት ይቀመጡበት ከነበረው በፈረስ የሚሳብ ሰረገላ የተወለደ ነው።

ለዚህ ቃል «ኪነ ሰረገላ» የሚለውን ፍቺ አቀርባለሁ። ኪን በግእዝ ጥበብና ብልሃት ነውና፣ ኪነ ሕንፃን ከተቀበልን ይህን የማንቀበልበት ምክንያት የለም፤ ሰረገላም ከኤልያስ ዕርገትና ኢሳይያስን እያነበበ ይጓዝ ከነበረው ጃንደረባ ታሪክ ጀምሮ፣ አቡነ ኢየሱስ ሞዓ በ13ኛው መቶ ዓመት ባበሩት በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳምም ሆነ በሌሎቹ አድባራት፣ ለተማረውም ላልተማረውም የታወቀ ቃል ነው። ውጫሌ በምትገኝበት በአምባሰል ምድር በ1881 ዓ.ም. የተፈረመው የውጫሌ ውል፣ 17ኛው አንቀጹ በአማርኛና በኢጣልያንኛ ስለ ተለያየ ምን ያህል ደም እንዳስከተለ የሚያስታውስ ሰው፣ በፍቺ መጠንቀቅን እንደ ትርፍ ሥራ አይቈጥረውም።

የጥበቡ ታሪክ ከሞተር ይቀድማል። ሞተር በተፈለሰፈ ጊዜ አካሉን የሚሠራለት ያው የጥንቱ ሰረገላ ሠሪ ስለ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. በ1908 በዲትሮይት የአውቶሞቢል አካል ፋብሪካ ያቋቋሙት የፊሸር ወንድማማቾች የአንድ ብረት ቀጥቃጭና ሰረገላ ሠሪ ልጆች ነበሩ። በባቡርም በኩል ጆርጅ ፑልማን እ.ኤ.አ. በ1867 ባቋቋመው ኩባንያ መንገደኛ ተኝቶ የሚያድርበትን ሰረገላ እያሠራ ስሙን በዓለም አስጠራ። ሁለቱን ዘርፎች በአንድ እጅ የያዘው ግን፣ እ.ኤ.አ. በ1912 በፊላደልፊያ ኩባንያ ያቆመው ኤድዋርድ ባድ ነው፤ የእንጨት አጥንት በላሜራ ይለበስ በነበረበት ዘመን ሁለመናው ብረት የሆነ የአውቶሞቢል አካል አውጥቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1934 ደግሞ ዝገት ከማይነካው ብረት ዜፊር የተባለውን ባቡር ሠርቷልና። ከዚያ በኋላ የትንንሾቹ መኪናዎች አካል ራሱ ሻንሲ ወደ መሆን ስለ ተሻገረ፣ ራሱን የቻለው ኪነ ሰረገላ በአብዛኛው በጭነት መኪናና በአውቶቡስ ላይ ቀረ፤ ቅጥቅጥ ሊኖር የቻለውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ጥበቡ ወደ እኛ የገባው አስቀድሞ በሐዲድ ነው። ባቡሩ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ፣ የድሬዳዋው ጋራዥ ፉርጎ የሚጠግኑ ኢትዮጵያውያን ባለሙያዎችን አፈራ። ፉርጎ የሚለው ቃል ከፈረንሳዮች፣ ላሜራ፣ ካሶኒ፣ ስፖንዳ የሚሉት ከኢጣልያኖች እንደ ተወረሱ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል፤ «ቅጥቅጥ» ግን ከማንም ያልተዋስነው፣ ሥራውን ራሱን የሚናገር የሕዝብ ቃል ነው። ቀጥቃጭ መባል እንደ ነውር ይቈጠር በነበረበት አገር፣ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብ በዐዋጅ እንደ ከለከሉ፣ የመጀመሪያይቱ አውቶሞቢልም አዲስ አበባ የገባችው በዚያው ዓመት እንደ ሆነ ሳስብ፣ ይህ ስም ያለ እፍረት በየመናኸሪያው መጠራቱ እጅግ ደስ ያሰኘኛል።

ባለሙያው የጭነት መኪናውን ካሶኒ አንሥቶ፣ በቱቦላሬ አጥንቱን ያቆማል፤ ላሜራ አልብሶ ይበይደዋል፤ በስቱኮ አለስልሶ ቀለም ይቀባዋል፤ ወንበርና መስተዋት ይገጥማል፤ ከጣራው ላይም ፖርቶመጋላ ይጭናል። እዚህ ላይ ዝም ብዬ ማለፍ አይቻለኝም። በአምባሰል ጠመዝማዛ ላይ ጤፍና ማሽላ በጣራ ሲከመር የክብደቱ ማእከል ወደ ላይ ይወጣል፤ መኪናው በተገለበጠ ጊዜም በሞትና በሕይወት መካከል የሚቆመው ያ የቱቦላሬ አጥንትና የብየዳው ጥንካሬ ነው። ስለዚህ ኪነ ሰረገላ መልክ ማሳመር ብቻ ሳይሆን፣ ሸክምን የመመጠንና ነፍስን የመጠበቅ ትምህርት ስለ ሆነ፣ በሙያ ትምህርት ቤቶቻችን በስሙ ሊሰጥ ይገባዋል።

በአጠቃቀም ረገድ ጥበቡን ኪነ ሰረገላ፣ ባለሙያውን ሰረገላ ሠሪ፣ በሐዲድ የሚሄደውን የመንገደኛ ክፍል ሰረገላ፣ የዕቃውን ፉርጎ ማለት ይበቃል። በ2007 ዓ.ም. ሥራው የተጀመረው፣ ከአዋሽ በኮምቦልቻ በኩል ወደ ሐራ ገበያ የሚያቀናው የባቡር መሥመር የእኛኑ አገር ያካተተ ስለ ሆነ፣ ቃሉ ለወሎ ሰው ለመኪናውም ለባቡሩም ያገለግለዋል። ቅጥቅጥም ስሙን እንደ ያዘ ይኑር።