አንድ ድምፅ፣ ሁለት ጥያቄ

የምኖረው አቃቂ ቃሊቲ፣ ገላን ኮንዶሚኒየም ነው። ጎረቤት ሲጨዋወት አንድ ክርክር አይጠፋም። አንዱ «ሕዝብ የሚፈልገው ቤትና ዳቦ ነው» ይላል። ሌላው ደግሞ «መናገር ካልቻልክ ቤቱ ብቻውን ምን ያደርግልሃል?» ይላል። እናንተስ? ከመመለሳችሁ በፊት እስቲ ወደ 1997 ዓ.ም. እንሂድ።

ያኔ አዲስ አበባ ውስጥ የኮንዶሚኒየም ግንባታ ገና እየተጀመረ ነበር። ገዢው ኢሕአዴግ መሬት በመንግሥትና በሕዝብ እጅ ይቆይ ሲል፣ ቅንጅት የግል ይሁን ይል ነበር። ሰውም የፓርቲዎቹን ክርክር በቴሌቪዥንና በሬዲዮ ተከታተለ። ግንቦት 7 ቀን ምርጫው ተካሄደ። ቅንጅት የአዲስ አበባን 23 የፓርላማ ወንበሮች በሙሉ፣ ከከተማው ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች ደግሞ 137ቱን አሸነፈ።

ከአምስት ዓመት በኋላ፣ ግንቦት 15 ቀን 2002፣ ውጤቱ ተገለበጠ። በዚያችው ከተማ ኢሕአዴግ ከ23ቱ ወንበሮች 22ቱን ወሰደ።

«አያችሁ፣ ሰው ቤት ሲሠራለት ነፃነቱን ረሳ» የሚል አይጠፋም። እኔ የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ አንድ እኩልታ ብቻ ይዞ ሁለት ያልታወቁ ቁጥሮችን መፍታት እንደማይቻል አውቃለሁ። እዚህም በአንድ ጊዜ የተቀየሩት ሁለት ነገሮች ናቸው። አዎ፣ በነዚያ ዓመታት ቤቶች ተሠርተው በዕጣ ተላልፈዋል። ግን በሰኔ 1997 እና በጥቅምት 1998 ተቃውሞ ሲነሳ 193 ሲቪሎች መገደላቸውን ፓርላማው ያቋቋመው አጣሪ ኮሚሽን አባላት ተናግረዋል። የቅንጅት መሪዎች እስከ 1999 ታሰሩ፤ ፓርቲው ተከፋፈለ፤ በ2001 የፀረ ሽብር ሕግ ወጣ። ታዲያ የ2002ቱን ድምፅ ያመጣው ቤቱ ነው ወይስ ፍርሃቱ? ወይስ የሚመረጥ ጠንካራ ተቃዋሚ መጥፋቱ? የድምፅ ቆጠራው ብቻውን አይነግረንም።

አንድ ነገር ግን ግልጽ ነው። የ1997ቱ መራጭ ሁለቱን የመሬት ፖሊሲዎች ማወዳደር የቻለው ሁለቱንም ወገን ስለሰማ ነው። ነፃነትን ከዳቦ ጋር ሚዛን ላይ ስናስቀምጥ፣ ሚዛኑ ራሱ የሚሠራው በነፃነት መሆኑን እንዘነጋለን። ሌላ ሐሳብ ካልተሰማ የትኛው ፖሊሲ ዳቦ እንደሚያመጣ በምን እናውቃለን?

ስለዚህ ቀጣዩ ሰው «ሕዝብ ዳቦን መረጠ» ሲላችሁ፣ ቁጥሩን ብቻ አትቀበሉ። «ያኔ ሌላ ምን ተቀይሮ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት።