ነጭ ነጠብጣብ (የዓሣ ደዌ)

ነጭ ነጠብጣብ፣ ከሞቃት አገር ውሆች መጥተው በመስተዋት ገንዳ ውስጥ ለዓይን ደስታ የሚኖሩትን ዓሦች ከሚያጠቁት ደዌያት ሁሉ እጅግ የታወቀው ሲሆን፣ መንሥኤው ኢክትዮፍቲሪየስ መልቲፊሊስ የተባለው፣ ሁለንተናው በረቂቃን ፀጉሮች የተሸፈነ ባለአንድ ሕዋስ ጥገኛ ፍጥረት ነው።

ይህ ፍጥረት በዓሣው ቆዳና ስንጥብ ውስጥ ገብቶ፣ የጨው ቅንጣት የሚያህል ነጭ ነጥብ ሆኖ እስኪታይ ድረስ ከተመገበ በኋላ፣ በራሱ ጊዜ ተላቅቆ ወደ ገንዳው ወለል ይወርዳል፤ በዚያም ራሱን በልባጥ ሸፍኖ እየተከፋፈለ በመቶዎች የሚቈጠሩ ልጆችን ያፈራል፤ እነርሱም ከልባጡ ወጥተው በውሃው ውስጥ እየዋኙ በ2 ቀን ገደማ ውስጥ ማደሪያ ዓሣ ካላገኙ ይሞታሉ። መድኃኒት የሚደርስባቸው በዚህች አጭር የዋና ዘመን ብቻ ስለ ሆነ፣ ነጥቡ ከዓሣው ገላ መጥፋቱን አይቶ ሕክምናውን የሚያቋርጥ ጠባቂ፣ ጠላቱ በጠጠሩ መካከል እየበዛ ሳለ ድል ያደረገ ይመስለዋል፤ ይህም ብዙ ውብ ፍጥረታትን በከንቱ ያስጠፋ፣ እጅግ የሚያሳዝን ስሕተት ነው።

የውሃውን ሙቀት ቀስ በቀስ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማድረስ፣ ዓሦቹ የሚታገሡት ከሆነ፣ የደዌውን ዑደት ይሰብራል፤ ነገር ግን ሙቅ ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ጥቂት ነውና፣ ስንጥባቸው የቈሰለ ዓሦች እንዳይታፈኑ አየር መንፋት ግድ ይሆናል። ከሁሉ የሚቀድመው ጥንቃቄ ግን አዲስ የመጣን ዓሣ ከነባሮቹ ለይቶ ቢያንስ 2 ሳምንት ማቈየት ነው።