ከሥራ የተሰናበተ ሠራተኛ የሚገባውን ክፍያ እንዴት ይጠይቃል?

በኢትዮጵያ ሥራ ላጣ ሰው መንግሥት በየወሩ የሚከፍለው የሥራ አጥነት አበል የለም። የዓለም ሥራ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1952 ያጸደቀው የማኅበራዊ ዋስትና ስምምነት ይህን አበል ከዘጠኙ የዋስትና ዓይነቶች እንደ አንዱ ቢቆጥረውም፣ የአገሪቱ የጡረታ ሥርዓት አላካተተውም። በመሆኑም ተቀጥሮ ሲሠራ የተሰናበተ ሰው ክፍያ የሚጠይቀው ከአሠሪው ሲሆን፣ መሠረቱም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ነው። ከአማኑኤልና ከማቻከል ቀበሌዎች ወጥቶ በደብረ ማርቆስ፣ በቡሬ ወይም በሌላ ከተማ በግል ድርጅት የሚሠራ ሁሉ ይህን አዋጅ ቢያውቅ ይጠቀማል።

ማንን ይመለከታል?

አዋጁ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኞችን፣ የሥራ መሪዎችንና የቤት ሠራተኞችን አይሸፍንም። በሌላ በኩል የጽሑፍ ውል አለመኖር የሠራተኛውን መብት አያስቀርም። ውሉ በቃል ከሆነ አሠሪው በ15 ቀናት ውስጥ የሥራውን ሁኔታ የሚገልጽ የተፈረመ ጽሑፍ ለሠራተኛው መስጠት አለበት።

የሥራ ስንብት ክፍያ መቼ ይገባል?

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ ድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው ሲዘጋ፣ የሠራተኛ ቅነሳ ሲደረግ፣ ወይም ከሕግ ውጭ ሲሰናበት የስንብት ክፍያ ያገኛል። ቢያንስ አምስት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ በሕመም ምክንያት ወይም በፈቃዱ ሲለቅም ይከፈለዋል፤ በፈቃዱ የሚለቀው ግን ከሥልጠና ጋር የተያያዘ የአገልግሎት ግዴታ ከሌለበት ነው።

ስሌቱ

ለመጀመሪያው ዓመት የሚከፈለው የመጨረሻው ሳምንት አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ተባዝቶ ነው። ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚህ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይጨመራል፤ ጠቅላላው ከ12 ወር ደመወዝ አይበልጥም። ለምሳሌ በቀን 200 ብር እያገኘ አራት ዓመት ያገለገለ ሠራተኛ ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት 6,000 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር ያገኛል። የተሰናበተው ድርጅቱ በመዘጋቱ ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ከሆነ፣ የ60 ቀን ደመወዝ፣ ማለትም ሌላ 12,000 ብር ይታከልለታል።

አሠሪው ክፍያውን በሰባት የሥራ ቀናት ውስጥ መፈጸም ይኖርበታል። ያለ በቂ ምክንያት ቢያዘገይ እስከ ሦስት ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊፈረድበት ይችላል። የአገልግሎት ዘመንን፣ የሥራውን ዓይነትና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ማስረጃም ያለ ክፍያ መስጠት ግዴታው ነው።

አቤቱታ ለማቅረብ

በመጀመሪያ የስንብት ደብዳቤን፣ የደመወዝ ደረሰኝን ወይም የባንክ ደብተርን፣ የመሥሪያ ቤት መታወቂያን እንዲሁም አብረው የሠሩ ምስክሮችን ስም ማሰባሰብ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ክፍያው ለአሠሪው በጽሑፍ ይጠየቃል፤ የማመልከቻው ቅጂም ከሠራተኛው ዘንድ ይቀመጣል። ምላሽ ከሌለ ጉዳዩ ድርጅቱ ለሚገኝበት አካባቢ የሥራና ሥልጠና ጽሕፈት ቤት ወይም ለፍርድ ቤት ይቀርባል። በሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅም፤ ይህም ገንዘብ የሌለው ሠራተኛ ክስ ከመመሥረት እንዳይቆጠብ ያግዘዋል።

ጊዜው እንዳያልፍ

ብዙ መብት የሚጠፋው በይርጋ ነው። ወደ ሥራ ለመመለስ የሚቀርብ ክስ በሦስት ወር፣ ከስንብት የሚመነጭ የገንዘብ ጥያቄ ደግሞ በስድስት ወር ውስጥ ካልቀረበ ይታገዳል። በሽምግልና ለመስማማት መሞከር መልካም ቢሆንም ሽማግሌ መላክ ብቻውን ይርጋውን አያቆመውም። በሰኔ የተሰናበተ ሰው የእርሻው ሥራ ካለፈ በኋላ እጠይቃለሁ ብሎ አዝመራው እስኪሰበሰብ ቢጠብቅ፣ ስድስቱ ወር በታኅሣሥ ያልቅበታል። ስለዚህ ሽምግልናው እየቀጠለ አሠሪው ዕዳውን በጽሑፍ እንዲያምን መጠየቅ፣ ካልሆነም ክሱን በጊዜው መመሥረት ይበጃል።

የጡረታ መዋጮ

በአዋጅ ቁጥር 1268/2014 መሠረት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው ደግሞ 11 በመቶ ለጡረታ ፈንድ ያዋጣሉ። የተለያዩ ድርጅቶች አገልግሎት ተደምሮ ስለሚታሰብ፣ ሥራ የለቀቀ ሰው የጡረታ መለያ ቁጥሩን ጠብቆ ሊያቆይና መዋጮው በስሙ ገቢ መደረጉን ሊያረጋግጥ ይገባል።