የጋፋት መንገድና የሮም ጎዳና

«ተወው ባክህ! ሩጫ የአርሲ ልጅ ሥራ ነው። እኛ ምናችን ሯጭ ይመስላል?»

ይህን ያለኝ የዶርም ጓደኛዬ ነው፤ ብርድ ልብሱን እስከ ጆሮው ስቦ፣ እኔ በጨለማ ጫማዬን ስፈልግ። ለቀልድ ቢናገረውም ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣም። መቸም ይኸው ቃል መልኩን እየለወጠ በየቦታው ይሰማል። ሒሳብ ለእነ እገሌ የተሰጠ ነው፣ ንግድ የእነ እገሌ አገር ሰው ሙያ ነው፣ ሴትና ሩጫ ምንና ምን ናቸው... ለመሆኑ «አንችልም» የሚለውን ማን ፈርዶብን ነው? ታሪክስ ምን ይላል? ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የኦሎምፒኩ መዝገብ በዚያው ስለሆነ እንዳንደናገር ነው።

ከደጃችን እንጀምር። ማለዳ ማለዳ የምንሮጠው ከደብረ ታቦር ወደ ጋፋት በሚወስደው መንገድ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1860ዎቹ የአውሮፓ ሚስዮናውያንን፣ እነ ዋልድማየርንና ዛልሙለርን፣ ጋፋት ላይ አስፍረው መድፍ ሥሩልኝ ብለው ነበር። ሰዎቹ ባለ እጅ ናቸው፤ አናጢ አለ፣ ብረት ሠሪ አለ፤ የመድፍ ማቅለጥ ሙያ ግን አልነበራቸውም። አንችልም አሉ። ንጉሡም አንችልም የሚል ቃል የሚሰሙ ሰው አልነበሩምና አሽከሮቻቸውን እስከ ማሰር ደረሱ። ሰዎቹ ሲጨንቃቸው ሞከሩ፤ ከሸፈ። ደግመው ሞከሩ። ከብዙ ድካም በኋላ ነሐሱ ፈስሶ ረጋ፤ ውሎ አድሮም ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነው ሴባስቶፖል ተሠራ።

መሠራቱ አንድ ነገር ነው፤ ጉዞው ደግሞ ሌላ። በጥቅምት 1867 ንጉሡ ያን ብረት አስይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። ለሠረገላ የሚሆን መንገድ የሚባል ነገር የለም። ከፊት የጅዳና የበሽሎ ገደል አለ። እነዚያን ሸለቆዎች በመኪና የተሻገረ ሰው እንኳ ወደ ታች ሲያይ እግሩ ይርዳል! ሠረገላው በሰው ጉልበት ይሳባል፤ ፊት ፊቱን ድንጋይ እየተፈነቀለ፣ ዳገቱ እየተቆረጠ መንገድ ይወጣለታል። ንጉሡ ራሳቸው በእጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር በቅርብ ያዩአቸው ሰዎች ጽፈዋል። እንዲህ እየተባለ አምስት ወር ተኩል ያህል ፈጀና በመጋቢት 1868 መጨረሻ ሴባስቶፖል መቅደላ ደረሰ። ሊወጓቸው የመጡት እንግሊዞች ሳይቀሩ ያን መንገድ አይተው ተደንቀዋል። መድፉም እስከ ዛሬ እዚያው መቅደላ ላይ ነው።

ይህን ስንሰማ ደረታችን ይነፋል፤ የኔም ይነፋል። ግን ቆም ብለን እናስብ እንጂ! ያን ገመድ የሳበው ሰው ወዶ አልሳበም። ንጉሡ ሲነሡም ደብረ ታቦርን በእሳት አጋይተው ነው የሄዱት። የሰው ጉልበት ከሚታሰበው በላይ መሆኑ ታይቷል፤ እሱን ማን ይክዳል? ገመዱን የሳበው ሰው ግን ስለ ራሱ ምን ዐወቀ? «ንጉሡ ቻሉ» ይል እንደሆን እንጂ «እኔ ቻልሁ» እያለ ወደ ቤቱ የተመለሰ አይመስለኝም። የታሪክ መምህራን ይቅር ይበሉኝና፣ ጽናት ጽናት እያልን ስናወድስ ይህችን ነገር ዘለን ነው የምናልፋት።

እናም ለጓደኛዬ መልስ ፍለጋ ከጋፋት ወጥቼ ሰው በፈቃዱ ወደሚሮጥበት ጎዳና መሄድ አለብኝ።

ኢትዮጵያ ኦሎምፒክ የገባችው በ1956፣ ሜልበርን ላይ ነው። ውጤቱን የሚያስታውስ ሰው ጥቂት ነው፤ ለማስታወስም የሚያጓጓ አልነበረም። ማሞ ወልዴ የሚባል የክብር ዘበኛ ወታደር በ800ና በ1,500 ሜትር ተሰልፎ በየማጣሪያው መጨረሻ ወጣ። ሁለቱ የማራቶን ሯጮቻችን 29ኛና 32ኛ ሆኑ። ያን ጊዜ አንድ የዶርም ጓደኛ ቢኖር ኖሮ ምን ይል እንደ ነበር አያጠራጥርም፦ ሩጫ የፈረንጅ ሥራ ነው፤ እኛ ምናችን ሯጭ ይመስላል?

ወታደሮቹና ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነን ግን እንዲያ አላሉም። ልምምዱ ቀጠለ፤ ዳገትና ሜዳ፣ ረጅምና አጭር፣ በሰዓት እየተለካ። ከአራት ዓመት በኋላ፣ መስከረም 10 ቀን 1960፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ ቆመ። አዲሱ ጫማ እግሩን ስላልተመቸው አወለቀው፤ በባዶ እግር መሮጥ ለሱ ብርቅ አልነበረም። ሩጫው አመሻሽ ላይ ተጀምሮ በችቦ ብርሃን አለቀ። ሊያበቃ ጥቂት ሲቀር መንገዱ ጣሊያን በ1937 ነቅሎ በወሰደው በአክሱም ሐውልት አጠገብ ያልፍ ነበር። አበበ እስከዚያ ጐን ለጐን አብሮት የመጣውን ሞሮኮአዊ ራዲን ትቶ ያመለጠው እዚያ ግድም ነው። 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሴኮንድ፤ የዓለም ክብረ ወሰን! (ሐውልቱ ራሱ አገሩ የገባው በ2005 ነው፤ ከአበበ 45 ዓመት ዘግይቶ።)

ይህን ሁሉም ያውቀዋል። እኔን የሚገርመኝ ግን ማንም የማይጠራው ሰው ነው። በዚያው ማታ ሌላ ኢትዮጵያዊ፣ አበበ ዋቅጅራ፣ ሰባተኛ ሆኖ ገባ፤ 2:21:09። ሰባተኛ ምን ይባላል? እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ሜልበርን ላይ ወርቁን የወሰደው አሌን ሚሙን የሮጠው በ2:25:00 ነበር። መንገዱና አየሩ ለየቅል መሆኑ እንዳለ ሆኖ፣ ሮም ላይ ሰባተኛ የወጣው ሰው ከአራት ዓመት በፊት ወርቅ ከወሰደው ወደ አራት ደቂቃ ፈጥኗል። አንድ ሰው ብቻ ቢሆን «የእግዜር ተአምር ነው፣ እንዲህ ያለ በመቶ ዓመት አንዴ ይወለዳል» ብለን እንገላገል ነበር። ሁለት ሲሆኑ ግን ነገሩ ወደ ልምምዱ ይጠቁማል። ያ በማጣሪያ መጨረሻ የወጣው ማሞ ወልዴስ? ከ12 ዓመት በኋላ፣ በ1968፣ በ36 ዓመቱ የሜክሲኮን ማራቶን አሸነፈ።

«እሺ፣ እነሱ ወታደሮች ናቸው፤ የአርሲዎቹ ግን አየሩ ነው» አለኝ ጓደኛዬ። ይህኛው ክርክር ደግሞ ሳይንስ የለበሰ ስለሆነ ይበልጥ ያታልላል። አየሩ ይረዳል፤ ሐሰት አይደለም። ከፍታ ላይ የሚኖር ሰው ደሙ ኦክሲጅን የሚሸከሙ ቀይ ሕዋሳትን ያበዛል። ነገር ግን በቆጂ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ናት፤ ደብረ ታቦርስ? 2,700 ገደማ! ከጀርባችን የቆመው ጉናማ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ከፍታ ብቻውን ሯጭ የሚያደርግ ቢሆን የጉና እረኛ ሁሉ ሜዳልያ በደረደረ ነበር።

በቆጂ ያገኘችው ሌላም ነገር አለ። ስንታየሁ እሸቱ የሚባል የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ልጆቹን ማለዳ እየሰበሰበ ሲያሠራ ኖረ። ደራርቱ ቱሉ፣ ፋጡማ ሮባ፣ ቀነኒሳ በቀለ በሱ እጅ ያለፉ ናቸው። አንዷ የሠፈር ልጅ ወርቅ ይዛ ስትመለስ ደግሞ ጐረቤቷ ያለችው ልጅ «እሷ ከቻለች...» ማለት ትጀምራለች።

የሴቶቹን ነገር ሳላነሣ ባልፍ በደል ነው፤ «አንችልም» ብቻ ሳይሆን «አትችሉም» ተብለው ተከልክለው ነበርና። በ1928 አምስተርዳም ላይ ሴቶች 800 ሜትር ሮጡ፤ ደከሙ፣ ወደቁ ተብሎ ወሬ ተነዛና ርቀቱ እስከ 1960 ድረስ ከኦሎምፒክ ተሠረዘ። (ወንዶቹ ሮጠው ሲወድቁ ጀግና ይባላሉ!) የሴቶች ማራቶንማ የተፈቀደው በ1984 ነው። ከዚያ ስምንት ዓመት ቆይቶ፣ በ1992፣ ደራርቱ ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትሩን አሸነፈች፤ ከጥቁር አፍሪካውያን ሴቶች የኦሎምፒክ ወርቅ የወሰደች የመጀመሪያዋ እሷ ናት። በ1996 ፋጡማ ሮባ አትላንታ ላይ ማራቶኑን ደገመች።

ወደ እኛ ልመለስ። መቸም ከመካከላችን አበበ ይወጣል አልልም፤ የትኛው ጉልበቴ! የማየው ግን ይህን ነው። አዲስ የሚጀምር ሰው በመጀመሪያው ቀን እንደ አውሬ ይሮጣል፤ በአምስተኛው ደቂቃ ጐኑን ይዞ ይቆማል፤ «በቃ እኔ አልተፈጠርሁለትም» ብሎ ወደ ዶርሙ ይመለሳል። በዚህ ከፍታ የምንስበው ኦክሲጅን ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል የሳሳ መሆኑን ማንም አልነገረውም። ልብም ጡንቻም በአንድ ቀን አይለመድም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። እያወሩ ሊሮጡ በሚችሉበት ፍጥነት መጀመር፣ ሲያቅት መራመድ፣ እንደገና መሮጥ፣ በሳምንት ሦስት አራት ቀን፣ በየሳምንቱ ጥቂት መጨመር። ይኸው ነው። ሰው አፍሮ የሚተወው ያን «መራመድ» የሚለውን ነው። ግቢው ሁሉ የሚያየው ይመስለዋል።

አንዲት የክፍላችን ልጅ ግን አላፈረችም። ስትጀምር እስከ አስፋልቱ መጨረሻ አልደረሰችም፤ እየተራመደች ነበር የተመለሰችው፤ በመንገድ ላይ ያሉ ልጆችም «አይዞሽ ደራርቱ!» እያሉ ሲስቁባት ሰምቻለሁ። በሰባተኛው ሳምንት ሳትቆም ጋፋት ደረሰች። ሰባት ቶን ብረት ከተነሣበት ቦታ ላይ ቆማ፣ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ነው፤ የሁለት ሰዓቱ ክፍል እንዳያመልጣት።

ጓደኛዬ አሁንም ተኝቷል። ትናንት ማታ ግን፣ እንዲያው በነገር መካከል፣ የእግሬ ቁጥር ስንት እንደ ሆነ ጠይቆኛል።