የጨርጨር ጭስ፦ ከጉልቻ እስከ ሲጋራ

በምዕራብ ሐረርጌ በጨርጨር ተራሮች፣ በመሰላና በጭሮ ዙሪያ የሰውን ሳንባ ቀድሞ ያገኘው ጭስ የሲጋራ ሳይሆን የጉልቻ ነው። እንጨት፣ ኩበትና የማሽላ አገዳ በጠባብ ማድ ቤት ይነድዳል፤ ጭሱም እናቲቱን ካዘለችው ልጅ ጋር ያጥናታል። ለዚህ ማንም የታሪክ መጽሐፍ አልጻፈለትም፤ መጻፍ ግን ይገባው ነበር።

ከዚያ ጋያ አለ። በሐረርጌ ኦሮሞ ዘንድ ሴቶችም ጭምር ውኃ በያዘ ቅል የሚያጨሱት ትንባሆ ነው። ውኃው ጭሱን ያበርደዋል እንጂ መርዙን አያስቀርም።

ባቡሩ በ1895 ዓ.ም ድሬዳዋ፣ በ1909 ዓ.ም አዲስ አበባ ሲገባ አፍደም፣ አሰቦትና ሚኤሶ የሸቀጥ በር ሆኑ። በ1934 ዓ.ም የትንባሆ ሞኖፖል ተቋቋመ፤ ቆይቶም የኒያላ ሲጋራ ፓኬት የየሱቁ ዕቃ ሆነ። የጫት ንግድ ሲሰፋ ሲጋራው ከበርጫው ጋር ተቆራኘ። የሳንባ ካንሰርን ከጫቱ ቅጠል ጋር የሚያያይዝ በቂ ማስረጃ የለም፤ አደጋው ከምርቃና ጋር በሚለኮሰው ሲጋራ ላይ ነው። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የማያጨሰውም አብሮ ይምገዋል።

እ.ኤ.አ. በ1950 እንግሊዛውያኑ ተመራማሪዎች ሪቻርድ ዶልና ብራድፎርድ ሂል የለንደን ሕሙማንን አጥንተው ሲጋራ ከሳንባ ካንሰር ጋር መያያዙን አሳዩ። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚገለጠው ማጨስ ከተጀመረ ከአሥርተ ዓመታት በኋላ ነው፤ ስለዚህ የዛሬው ወጣት ዕዳ ገና አልተቆጠረም። የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2012 የናፍጣ ጭስን፣ በ2013 የተበከለ የውጭ አየርን ካንሰር አምጪ ብሏቸዋል። የእንጨት ጭስን ደግሞ «ሳይሆን አይቀርም» ከሚለው ምድብ አስገብቶታል። ለአንድ ሰው ሲጋራ እጅግ የከፋ ነው። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2016 በተደረጉ ጥናቶች ትንባሆ የሚጠቀመው ኢትዮጵያዊ አዋቂ 5 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ በእንጨት፣ በከሰልና በኩበት የሚያበስለው ቤተሰብ ከ90 በመቶ በላይ ነበር።

አዋጅ ቁጥር 1112/2011 በሕዝብ መሰብሰቢያ ቤቶች ውስጥ ማጨስን ከለከለ፣ ከ21 ዓመት በታች ላለ ወጣት መሸጥንም አገደ። መልካም ሕግ ነው፤ ግን ማድ ቤት አይገባም። ማድ ቤት የሚገቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ምርጥ ምድጃ ማገዶ ይቆጥባል፤ ጭሱን ከቤት የሚያስወጣው ግን የጭስ መውጫ ነው። እህቶቼ፣ ስለ መጸዳጃ ቤት ስትጠይቁ ስለ ጭስ መውጫውም ጠይቁ። በቲቢ መድኃኒት ያልቆመ ሳል ወይም ደም የቀላቀለ አክታ ያየ ሰው ደግሞ ደረቱን ለመታየት ዛሬውኑ ወደ ሆስፒታል ይሂድ።