ዳገት፣ ሐሩርና ማርሽ፦ የብቸኛ ብስክሌት ተጓዦች ታሪክ

በብስክሌት ረጅም መንገድ ብቻን መጓዝ ከ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ጀምሮ የታወቀ ልማድ ሲሆን፣ ሁለት ባላንጣዎች አሉት፤ ዳገትና ሙቀት። ሁለቱ ለየብቻ የሚመጡ አይደሉም። ሰው ፔዳል ሲረግጥ ጡንቻው ከሚያቃጥለው ጉልበት ሩብ ያህሉ ብቻ ጎማው ጋ ይደርሳል፤ የተረፈው ሙቀት ሆኖ ሰውነት ውስጥ ይቀራል። ሜዳ ላይ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ብስክሌተኛ ራሱ በሚፈጥረው ነፋስ ላቡ ይደርቅለታል። ዳገት ላይ ግን ፍጥነቱ ወደ 6 ወይም 7 ኪሎ ሜትር ይወርዳል፤ ነፋሱ ይጠፋል፤ ጡንቻው ደግሞ ከሜዳው ይበልጥ ይሠራል። ከነብስክሌቱና ከነጓዙ 100 ኪሎ የሚመዝን ሰው፣ ሳያርፍ 100 ዋት ያህል ኃይል እያወጣ 1,000 ሜትር ሽቅብ ለመውጣት ሦስት ሰዓት ሊሞላ የቀረበ ጊዜ ይፈጅበታል። በዚያ ሁሉ ሰዓት ሰውነቱ 300 ዋት ያህል ሙቀት ማስወገድ አለበት፤ የሚያስወግደውም በላብ ነው፤ ላቡም በውኃ መተካት አለበት። በቡድን የሚጓዝ ሰው ውኃውንም መፍቻውንም ከጓዶቹ ጋር ይካፈላል። ብቸኛው ሁሉንም ራሱ ይሸከማል፤ ለሙቀቱ ብሎ የጫነው ውኃም ዳገቱን መልሶ ያከብድበታል። ታሪኩ አብዛኛውን ጊዜ እንደ ጀግንነት ታሪክ ቢተረክም፣ ቀረብ ብሎ ለሚያየው ከወኔው ይልቅ የማርሽ ታሪክነቱ ያመዝናል።

የመጀመሪያው ስመ ጥር ተጓዥ ቶማስ ስቲቨንስ ማርሽ የሚባል ነገር አልነበረውም። በ1854 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) እንግሊዝ ውስጥ ተወልዶ ወደ አሜሪካ የተሻገረው ስቲቨንስ፣ ኤፕሪል 22 ቀን 1884 ከሳን ፍራንሲስኮ የተነሣው ከፊት ግዙፍ፣ ከኋላ ትንሽ ጎማ ባላት በዚያ ዘመን ብስክሌት ነበር። ፔዳሉ ከፊት ጎማው እምብርት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ስለሆነ፣ እግር አንድ ዙር ሲዞር ጎማውም አንድ ዙር ይዞራል። የስቲቨንስ የፊት ጎማ 127 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስለነበረው በአንድ የፔዳል ዙር 4 ሜትር ያህል ወደፊት ይሄድ ነበር። ይህ ቁጥር ለሜዳ ግሩም፣ ለዳገት ግን ፈጽሞ የማይሆን ነው። ስለዚህም ከአሜሪካ ምዕራብ እስከ ምሥራቅ ከተጓዘው መንገድ ሲሶ የሚበልጠውን ብስክሌቱን እየገፋ በእግሩ ሄዷል። ጓዙ ትርፍ ካልሲ፣ ትርፍ ሸሚዝ፣ እንደ ድንኳንም እንደ መኝታም የሚያገለግል የዝናብ ካፖርትና ሽጉጥ ብቻ ነበር። ይህ ቅለት ብዙ ጊዜ እንደ ቁጠባ ይወሳል፤ ነገር ግን ኮርቻው ከሰው ደረት በላይ በሚሆን ብስክሌት ላይ ከዚያ የበለጠ ለመጫን ቦታም አልነበረም።

ስቲቨንስ ኦገስት 4 ቀን ቦስተን ደረሰ። በማግሥቱ ዓመት ከሊቨርፑል ተነሥቶ አውሮፓንና የቱርክን ግዛት አቋርጦ ቴህራን ገባ፤ ክረምቱንም በፋርስ ሻህ እንግድነት አሳለፈ። አፍጋኒስታን ላይ መንገዱ ስለተዘጋበት ወደ ኋላ ተመልሶ በመርከብ ሕንድ ገባ፤ ከላሆር እስከ ካልካታ ያለውን ታላቅ ጎዳና በሐሩር ጋለበ፤ ቻይናን አልፎ በዲሴምበር 1886 ዮኮሃማ ላይ ጉዞውን ጨረሰ። ላሆርና ካልካታን ያገናኘው ጎዳና ሜዳማ ስለነበር ሙቀቱ እንኳ ሊያስቆመው አልቻለም። 

ስቲቨንስ ገና መንገድ ላይ ሳለ የብስክሌቱ ቅርጽ ተለወጠ። ጆን ኬምፕ ስታርሊ በ1885 እንግሊዝ ውስጥ ያወጣው «ሮቨር» መጠናቸው የተቀራረበ ሁለት ጎማዎች ነበሩት፤ የኋላው ጎማ በሰንሰለት ይነዳል። በ1888 ጆን ቦይድ ደንሎፕ ቤልፋስት ላይ አየር የሚሞላ ጎማ ሠራ። ሰንሰለቱ የፔዳሉን ዙር ከጎማው ዙር ስላላቀቀው፣ ከፊት ወይም ከኋላ ያለውን ጥርሳም ክብ በመለወጥ ብቻ ብስክሌቱን ለዳገት ማቅለል የሚቻልበት በር ተከፈተ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት በበሩ የገባ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ ሠሪዎቹም ገዢዎቹም አንድ ጥርሳም ክብ ለሁሉ መንገድ ይበቃል ብለው ተቀመጡ።

በእነዚህ አዳዲስ ብስክሌቶች የወጡት ብቸኞች ዕጣቸው የተለያየ ነበር። ከፒትስበርግ በ1892 የተነሣው ፍራንክ ሌንዝ በ1894 በምሥራቅ ቱርክ፣ ኤርዙሩም አካባቢ ደብዛው ጠፋ፤ ሊፈልገው የተላከው ዊልያም ሳክትሌበንም ሕያው አላገኘውም። አርተር ሪቻርድሰን ግን በጁን 1899 ከፐርዝ ተነሥቶ አውስትራሊያን ዙሪያዋን ዞረ፤ በፌብሩዋሪ 1900 ተመለሰ። የሸፈነው 18,500 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሪቻርድሰን መንገድ በአብዛኛው ሜዳና ምድረ በዳ ስለነበር የማርሽ እጦት ብዙም አልጎዳውም።

ዳገቱን በእርግጥ የፈታው ሰው ዓለምን የዞረ ጀብደኛ አይደለም። በደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ በሳንት ኤትየን ከተማ የሐር ነጋዴ የነበረው ፖል ደ ቪቪ ነው። በ1853 የተወለደው ደ ቪቪ ንግዱን ትቶ የብስክሌት ሱቅ ከፈተ፤ በ1887 «ለ ሲክሊስት» የተባለ መጽሔት ማሳተም ጀመረ፤ «ቬሎስዮ» በሚል የብዕር ስምም ይጽፍ ነበር። ሳንት ኤትየን በተራራ የተከበበች ናት። ከከተማዋ ወደ ደቡብ የሚያወጣው «ኮል ደ ላ ሬፑብሊክ» የተባለው መተላለፊያ 1,161 ሜትር ከፍታ አለው። እንደሚተረከው ደ ቪቪ በዚህ ዳገት በባለ አንድ ጥርስ ብስክሌቱ እየታገለ ሲወጣ፣ ከመጽሔቱ አንባቢዎች አንዱ ፒፓውን እያጨሰ በዝግታ አልፎት ሄደ። ሰውየው ቀለል ያለ ጥርስ ነበረው። ታሪኩ በአፍ ሲተላለፍ ትንሽ ተጊጦ ሊሆን ይችላል፤ ደ ቪቪ ከዚያ ወዲህ የሠራው ግን የሚታይ ነው። መጀመሪያ ከፊት ሁለት ጥርሳም ክቦች ገጠመ። ዳገት ሲደርስ ይወርድና ሰንሰለቱን በእጁ ወደ ትንሹ ያዛውራል፤ ጫፍ ሲደርስ ይመልሰዋል። ቀጥሎ፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ፣ ሳይወርዱ ሰንሰለት የሚያዛውር ማርሽ እየሞከረ አሻሻለ።

የሚገርመው ማርሹን የተቃወሙት ሰዎች ማንነት ነው። የፈረንሳይ የብስክሌት ጉዞ ክለብ በ1902 በፒሬኔ ተራሮች፣ ቱርማሌ መተላለፊያ ላይ ባዘጋጀው ፍተሻ፣ ባለ ሦስት ማርሽ ብስክሌት የያዘችው ማርት ኤስ ባለ አንድ ጥርስ ብስክሌት ከያዘው ከኤዱዋር ፊሸር በቀለለ ሁኔታ ዳገቱን ወጣች። ፈረንሳይን የሚዞረው ታላቅ ውድድር መሥራች ሄንሪ ደግራንዥ ግን ማርሽ ለሽማግሌ የሚሆን ነገር ነው እያለ በውድድሩ አስከለከለው፤ ክልከላው የተነሣው በ1937 ነው። ያ ውድድር በመጀመሪያው ዓመት፣ በ1903፣ ያለፈበት ከ1,000 ሜትር በላይ የሆነ መተላለፊያ ራሱ የደ ቪቪ ሬፑብሊክ መሆኑ ነገሩን ይበልጥ ያስደንቃል። ለሦስት ዐሥርት ዓመታት ያህል የብስክሌት ውድድርን ሥራቸው ያደረጉት ከጎማቸው ግራና ቀኝ የተለያየ ጥርስ ገጥመው ዳገት ሥር እየወረዱ ጎማ ሲገለብጡ፣ ለደስታ የሚጓዙት ፈረንሳውያን ግን ከኮርቻቸው ሳይወርዱ ያልፏቸው ነበር። ደ ቪቪ ለተጓዦች የሰጠው ምክርም በሐሩር እስከ ዛሬ ያገለግላል፤ ሳይጠማው የሚጠጣ፣ ሳይርበው የሚበላ ተጓዥ ሩቅ ይደርሳል የሚል ነው። በ1930 በከተማው ውስጥ ትራም ገጭቶት ሞተ።

የደ ቪቪ ማርሽ በአፍሪካና በእስያ መንገዶች ለመታየት ብዙ ዘገየ። በ1931 ከፖላንድ የወጣው ካዚሚየዥ ኖቫክ በያዘው አሮጌ ብስክሌት ከትሪፖሊ ተነሥቶ በግብፅ፣ ከኢትዮጵያ በስተ ምዕራብ በሱዳንና በኮንጎ በኩል ወደ ደቡብ ዘለቀ፤ በ1934 የአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ ደረሰ። ከዚያም መለስ ብሎ በሌላ መንገድ በ1936 አልጀርስ ገባ። አምስት ዓመት በፈጀው በዚህ ጉዞ 40,000 ኪሎ ሜትር ያህል ሸፍኗል፤ ሁሉንም ግን በብስክሌት አይደለም፤ በእግር፣ በፈረስ፣ በታንኳና በግመልም ጭምር ነው። ለቤተሰቡ የሚልከውን ገንዘብ ያገኝ የነበረው ለጋዜጦች በሚጽፈው ጽሑፍና በሚልከው ፎቶግራፍ ነበር። ወባ ያደቀቀው ኖቫክ በተመለሰ በዓመቱ፣ በ1937፣ በሳንባ ምች አረፈ። በ2006 በፖዝናን ባቡር ጣቢያ የመታሰቢያ ሰሌዳ የገለጠለት፣ በአፄ ኃይለ ሥላሴ ቤተ መንግሥት ላይ በጻፈው መጽሐፍ ኢትዮጵያውያን የሚያውቁት ሪሻርድ ካፑሺንስኪ ነው።

አየርላንዳዊቷ ደርቭላ መርፊ ደግሞ ማርሽ የነበራትን ብስክሌት ማርሿን አስወልቃ ነው የተጓዘችው። በ1931 የተወለደችው መርፊ ለዐሥረኛ የልደት በዓሏ ብስክሌትና አትላስ ተሰጥቷት፣ ያን ጊዜ ወደ ሕንድ ለመሄድ ወሰነች፤ የተነሣችው ግን በጃንዋሪ 1963 ነው። ማርሹን ያስወለቀችው ለእስያ መንገድ አይሆንም ብላ ነበር፤ ጊዜው የሚሰበር ዕቃ በሩቅ አገር ሊጠገን የማይችልበት ስለነበር ውሳኔው ሞኝነት አይባልም። ዋጋው ግን በእግር ተከፈለ። ከዳንከርክ በከባድ በረዶ ወጥታ ፓኪስታን ስትደርስ ሐሩሩ አመማት፤ ከ4,000 ሜትር በላይ የሆነውን የባቡሳር መተላለፊያ የተሻገረችውም ብስክሌቷን እየገፋችና እየተሸከመች ነው። በዚያው ዓመት በጁላይ ዴልሂ ገባች።

መርፊ በ1966 መጨረሻ ወደ ኢትዮጵያ ስትመጣ ግን ብስክሌት አልያዘችም፤ ከምጽዋ ተነሥታ በአስመራ፣ በትግራይ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በጣናና በላሊበላ በኩል አዲስ አበባ የደረሰችው በአብዛኛው በእግሯና ጆክ ብላ በሰየመችው በቅሎ ነው። በ1968 ያሳተመችው መጽሐፍ ርእስም በቅሎዋን ያነሣል። የአገሩን ገመገም ለሚያውቅ ምርጫው አያስደንቅም።

ብስክሌት በኢትዮጵያና በኤርትራ የተስፋፋው በአብዛኛው ከጣሊያኖች ጋር ነው፤ «ጎማ»፣ «ካላማዳሪ» እና «ቸርኬ» የሚሉት ቃላት ከጣሊያንኛ መጥተው የቀሩ ናቸው። አስመራ የብስክሌት ከተማ ሆነች። ከ2,300 ሜትር በላይ ከሆነው ከፍታዋ እስከ ምጽዋ ባሕር ዳርቻ የሚወርደው 115 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድም ስንት ብስክሌተኛ አሠለጠነ፤ በ2015 በፈረንሳዩ ታላቅ ውድድር የዳገት ወጪዎችን ማልያ የለበሰው የመጀመሪያው አፍሪካዊ ኤርትራዊው ዳንኤል ተክለሃይማኖት ነው። ኢትዮጵያም ለመጀመሪያ ጊዜ በተካፈለችበት የ1956 የሜልበርን ኦሊምፒክ ብስክሌተኞቿን አሰልፋለች። በዕለት ኑሮ ግን ብስክሌት የተመቸው እንደ ባሕር ዳር ባሉ ሜዳማ ከተሞች ነው፤ ከእንጦጦ ሥር በተዳፋት የተዘረጋችው አዲስ አበባ ለባለ አንድ ጥርስ ብስክሌት ፈተና ነበረች።

ነገሩን የለወጠው በ1970ዎቹ መጨረሻ ካሊፎርኒያ ውስጥ የተወለደው የተራራ ብስክሌት ነው። ከፊት ሦስት ጥርሳም ክቦች፣ ከኋላ ሰፋፊ ክቦች ያሉት ይህ አሠራር ሻንጣ ለጫነ ተጓዥም ተስማማ። ከፊት 22 ጥርስ፣ ከኋላ 34 ጥርስ ሲገጠም አንድ የፔዳል ዙር ብስክሌቱን የሚያስኬደው 1.3 ሜትር ያህል ነው፤ የስቲቨንስን አንድ ሦስተኛ ማለት ነው። ከዚያ ወዲህ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቁ ብስክሌተኞች በኢትዮጵያ ማለፍን ልማድ አደረጉ። በ2003 በቡድን የሚደረግ ጉዞ ተጀመረ፤ ብቻቸውን ያለፉትም ጥቂቶች አልነበሩም፤ በየመንደሩ «ዩ! ዩ!» እያሉ ከኋላቸው የሚሮጡትን ልጆችም በማስታወሻቸው ሳያነሡ አላለፉም።

ሁሉም የሚያወሱት ፈተና የዓባይ በረሃ ነው። መንገዱ ከደጀን ተነሥቶ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ወርዶ ወንዙን ይሻገርና እንደገና ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በሌላ አገር ተራራ ሲሻገሩ ሙቀቱ በመነሻና በመድረሻ፣ ቅዝቃዜው በመካከል ሲሆን፣ እዚህ ተጓዡ ደጋ ላይ አድሮ፣ ጠዋት ወደ ቆላ ወርዶ፣ ዳገቱን የሚጀምረው ከቆላው ወለል ነው፤ የቀኑ ከባድ ሥራ በሞቃቱ ቦታ ይጀምራል። ስለዚህ ልምድ ያለው ብስክሌተኛ ጎሕ ሳይቀድ ይነሣል፤ እኩለ ቀን ላይ ጥላ ፈልጎ ያርፋል። የሲራራ ነጋዴዎች በቅሎና አህያ ጭነው በዚሁ በረሃ ሲወርዱ ሲወጡ የያዙት ሰዓትም ይኸው ነበር። በትንሹ ማርሽ በደቂቃ 60 ዙር ፔዳል የሚረግጥ ተጓዥ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል፤ የተጫነች በቅሎ ከምትሄደው ብዙም አይበልጥም።